ሲሚንቶ እየደፉ ችግኝ መትከል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። የአየር ንብረት ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ጣታችን ወደ ቻይናና ወደ አሜሪካ ይቀሰራል። ትልቁ ጭስ የእነሱ መሆኑ እውነት ነው፤ የእኛ ከእነሱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ ይሄ ሲሚንቶን እንደ አፈር እንድንደፋ ፈቃድ ሆነን እንዴ?

ሲሚንቶ ከምን እንደሚሠራ እናስታውስ። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ 1450 ዲግሪ አካባቢ በሚግል ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። የሚወጣው ክሊንከር ይባላል። ብዙዎቻችን ጭሱ የከሰሉ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ራሱ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ የኖረ ነው፤ ሙቀቱ ይፈታዋል። ከአንድ ቶን ክሊንከር፣ ከድንጋዩ ብቻ፣ ከ500 ኪሎ በላይ ይወጣል። የነዳጁ ሲጨመር ከ800 ኪሎ ያልፋል። ስለዚህ «እኛ እኮ መብራታችን ከግድብ ነው» ብላችሁ አትኩራሩ። ምድጃውን በግድብ መብራት ብናግለው እንኳ ከጭሱ ከግማሽ በላዩ መውጣቱ አይቀርም።

መፍትሔው ግን እግራችን ስር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ ክሊንከሩን ቀንሶ ፑሚስ መጨመርን አንዱ መንገድ አድርጎ አስቀምጦታል። ፑሚስ ማለት ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሞልቶ የተረፈው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ፒፒሲ የምትሉት ሲሚንቶ የሚሠራው እንዲህ ባለ ድንጋይ ነው። እናንተስ? «ኦፒሲ ካልሆነ ቤቴ አይቆምም» ትላላችሁ፤ ኦፒሲ ማለት ከሞላ ጎደል ክሊንከር ብቻ የሆነው ሲሚንቶ ነው። ለኮለንና ለሶሌታ መሐንዲሱ ኦፒሲ ካለ ይሁን። ለልስን፣ ለአጥር ግንብ ኦፒሲ ምን ይሠራል? ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ የሚፈልገው ውሃና ትዕግሥት ነው። ሁለቱንም ነፍገነው «ደካማ ነው» እንላለን። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ሳይት ላይ የሚሆነውንማ ተዉት። ከምሳ በፊት አንድ ክምር ይቦካል። ሠራተኛው ምሳ ይወጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሲመለስ ክምሩ መጠንከር ጀምሯል። ምን ያደርጋል? ውሃ ጨምሮ እንደገና ያሸዋል። አቅሙ ያለቀ ሲሚንቶ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ የተረፈው ጓሮ ይደፋል። ልስኑ በወሩ ይሰነጠቃል። ይፈቀፈቅና በአዲስ ሲሚንቶ ይደገማል። አንዱ ግድግዳ የሁለት ግድግዳ ጭስ በላ ማለት ነው። ባለቤቱ ደግሞ ክረምት ሲመጣ ችግኝ ተክሎ ፎቶ ይለጥፋል።

የደባቂውስ ነገር! ሲሚንቶ በጠፋበት ጊዜ ስንቱ ነው «ይወደዳል» ብሎ መጋዘን ውስጥ የከመረው? ሲሚንቶ ጤፍ አይደለም። እርጥብ ወለል ላይ ሦስት ወር ቢቀመጥ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ክረምት ካገኘው ድንጋይ ይሆናል። ያ ሁሉ የተቃጠለ ድንጋይ ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ ተጣለ። አሁን የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻውን በቀን 150 ሺህ ኩንታል ማምረት እንዲችል ሆኖ ተሠርቷል። ገበያው ሲረጋጋ ብክነቱ እንዳይብስ ነው ፍርሃቴ።

እና ቤት የምታሠሩ ሁሉ፣ ያዘዛችሁትን ሲሚንቶ በጣውላ ላይ ደርድሩ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። አናጢውን፣ ግንበኛውን ብቻ አትጩኹበት፤ የሚቦካው በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያልቀውን ያህል እንዲሆን ከፎርማኑ ጋር ተነጋገሩ። ልስኑን ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡ። ዘበኛው ያጠጣል ብላችሁ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ደውሉና ጠይቁት።