ይሄ ስልክ ባትሪ አይዝም!

ሰው ስለ ጤናው ሲጠየቅ ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን «ተመስገን» ይላል። ስለ ስልኩ ባትሪ ሲጠየቅ ግን ተመስገን የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሁሉም እሮሮ ነው። «ይሄ ስልክ ባትሪ አይዝም!» «ጠዋት ሞልቼው ወጣሁ፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ቀይ!» «ስገዛው እንዲህ አልነበረም!» ይሄ ሁሉ ሲባል ታዲያ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው። ስክሪኑ በርቷል። ቪዲዮ እያሳየ ነው።

በእሮሮ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን ሁሉም ሰው የራሱ መድኃኒት አለው፤ ለሌላውም ሳይጠየቅ ያዛል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ ተወዳጁ አፕ መግደል ነው። አንድ ጓደኛ አለኝ፣ በዚህ ሥራ የተካነ። ሰዓት ለማየት ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ሰዓቱን ሳያይ የተከፈቱትን አፖች በሙሉ ይደረድራቸዋል። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ወደ ላይ ይጠርጋቸዋል። ጠረግ፣ ጠረግ፣ ጠረግ። የመጨረሻዋ ስትሄድ ተንፈስ ይላል። ፊቱ ላይ ቤቱን አጽድቶ የጨረሰ ሰው እርካታ ይታያል። ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከታል። «እና ስንት ሰዓት ሆነ?» ስንለው እንደገና ያወጣዋል።

በፈረንጆቹ 2016 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው) አንድ የአይፎን ተጠቃሚ ይህንኑ ነገር ለአፕል አለቃ ለቲም ኩክ በኢሜይል ጠይቆ ነበር። እርስዎ አፖችን ቶሎ ቶሎ ይዘጋሉ? ለባትሪ ሲባልስ መዝጋት ያስፈልጋል? ብሎ። መልሱ የመጣው ከሶፍትዌር ኃላፊው ከክሬግ ፌደሪጊ ነው። ለሁለቱም ጥያቄ አይ የሚል ነበር። ሌላ ማብራሪያ የለውም። በአንድሮይድ በኩልም ያኔ ኃላፊው የነበረው ሂሮሺ ሎክሃይመር እዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ ያለውን አፕ ሲስተሙ ራሱ አስተኝቶታል። የተኛ አፕ እዚህ ግባ የሚባል ባትሪ አይበላም። የሚበላው ገድለነው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከባዶ ስናስነሳው ነው። አንድ አፕ ተቆልፎ እምቢ ካለ፣ ወይም ሎኬሽን ይዞ አልለቅም ካለ፣ እሱን መዝጋት ያባት ነው። ይህን ለጓደኛዬ በዝርዝር አስረዳሁት። «እሺ፣ ገባኝ» አለ። ገባኝ እያለ ሦስት አፕ ጠረገ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። አህያው ስክሪኑ ነው። ስልክ ላይ እንደ ስክሪን ባትሪ የሚበላ ነገር ጥቂት ነው፤ ብራይትነሱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። ግን ስክሪኑን ደፍሮ የሚነካው የለም። መብራት በጠፋበት ክፍል ውስጥ ብራይትነሱን ጥግ አድርሶ የሚተኛ ሰው አለ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የሰውዬው አፍንጫ ግን ከኮሪደር ይታያል። ሌላው ደግሞ ስክሪኑ ቶሎ እንዳይጠፋበት አስር ደቂቃ ሰጥቶታል። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ስልኩ ጣራውን ሲያበራ ይቆያል። ሲመለስ «ባትሪው ተበልቷል!» ብሎ ዙሪያውን ያያል፤ ሌባ የሚፈልግ ነው የሚመስለው።

ስክሪኑን ጥቁር ስለሚያደርገው ዳርክ ሞድ የሚሰብኩም አሉ። እውነት አላቸው፣ ግን በከፊል ነው። ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነ ጥቁር የሚያሳየው ነጥብ በእርግጥም ይጠፋል፤ ስለዚህ ይቆጥባል። ኤልሲዲ ከሆነ ግን ከኋላ ያለው መብራት ጥቁርም አሳየ ነጭ ያው ይበራል። በ2021 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦሌድ ስልኮችን ለክተው ነበር። ብራይትነሱ ጥግ ላይ ሲሆን ዳርክ ሞድ በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ ይቆጥባል። ብራይትነሱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ሆነ። እንግዲህ ቤት ውስጥ ብራይትነሱን ዝቅ አድርጎ የሚኖር ሰው፣ በዳርክ ሞድ የሚያተርፈው ያን ያህል አይደለም። ሰባኪዎቹ ግን ብራይትነሱን ዝቅ አያደርጉም። ያማል መሰለኝ።

ከዚህ በተቃራኒው ሁሉን አጥፊው አለ። ዳታ አጥፍቷል፣ ዋይፋይ አጥፍቷል፣ ብሉቱዝ፣ ሎኬሽን፣ ቫይብሬት፣ ሁሉም ጠፍቷል። ማታ ስትገናኙ 91 ፐርሰንት እያለ ያሳይሃል። በጣም ኮርቷል። ቀኑን ሙሉ ስትልክለት የዋልከው መልእክት ግን አንዱም አልደረሰውም። ባትሪው ይዟል፣ ሰውዬው ነው ያልተያዘው። የሚገርመው ደግሞ ካጠፋቸው ውስጥ አብዛኞቹ ምንም ያህል አይበሉም ነበር። ብሉቱዝ ዛሬ በጣም ቆጣቢ ነው። ዋይፋይም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከሞባይል ዳታ ያነሰ ነው የሚወስደው። ባትሪ የሚጨርሰው ደካማ ኔትወርክ ነው። ምድር ቤትና ሊፍት ውስጥ፣ ሲግናሉ አንድ መስመር በቀረበት ቦታ፣ ስልኩ ማማው እንዲሰማው ጉልበቱን ጨምሮ ያሰራጫል። እዚያ ጋ ኤርፕሌን ሞድ ማድረግ ያዋጣል። ሁሉን አጥፊው ታዲያ ይህቺን አንዷን ብቻ አይነካም። «አይሮፕላን ላይ አይደለሁማ!» ይላል።

የማውቃቸው አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ስልካቸው ባዶ ሆኖ ካልጠፋ ቻርጅ አያደርጉም። 40 ላይ እያለ ልሰካልዎት ብላቸው እጄን መቱኝ። «ልጄ፣ ባትሪ ካልተራበ በደንብ አይበላም!» ከእሳቸው ጋር መከራከር አይቻልም፤ ምክንያቱም በዘመናቸው እውነት ነበር። የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ በግማሽ እየተሞላ ሲኖር ግማሹን ይለምድና አቅሙ ይቀንስ ነበር። የዛሬው ሊቲየም አዮን ነው። በ1991 ሶኒ ገበያ ላይ አወጣው። በ2019 ደግሞ ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃም እና አኪራ ዮሺኖ በእሱ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በኖቤል ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተሸላሚ እሳቸው ናቸው። ይሄ ባትሪ ረሃብ አይወድም። ጥጋብም አይወድም። 0 ላይ መውደቅም 100 ላይ ተሰክቶ ማደርም ያስረጀዋል፤ መሀል ላይ ሲሆን ይመቸዋል። በትንሽ በትንሹ መሙላትም ኃጢአት አይደለም። ዛሬ ግማሽ፣ ነገ ግማሽ ቢሞላ ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ዙር ነው የሚቆጠሩት። አፕል ራሱ የአይፎን 14 ባትሪ ከ500 ዙር በኋላ ከመነሻ አቅሙ 80 በመቶ እንዲይዝ፣ ከአይፎን 15 ጀምሮ ያለው ደግሞ በ1000 ዙር እንዲሆን አድርጌ ነው የሠራሁት ይላል። ይህን ሁሉ ለእኒያ ሰው ነገርኳቸው። «ኖቤሉ ይበልጥ ወይስ ልምድ?» አሉኝ።

ሙቀት ግን የሁሉም ጠላት ነው። ስልክ ተሰክቶ ትራስ ሥር ያድራል፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ጋለ ተብሎ ይፈራል። አንዳንዱ ይጨነቅና ፍሪጅ ውስጥ ይከተዋል! በዚያ ውርጭ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ውስጡ እርጥበት ይዞ እንደሚወጣ ማን ይንገረው።

አንድ ነገር ግን እንመን። ባትሪ ቶሎ ማለቁ የሚጎዳን ያህል ይጠቅመናል። ስንቱ ማኅበራዊ ኑሮ በእሱ ተሸፍኖ ነው የቆመው! ያረፈደ ሰው፣ ያላነሳ ሰው፣ ብድር የተጠየቀ ሰው፣ ሁሉም መልሱ አንድ ነው። «ባትሪ ዘግቶብኝ።» «ሲጠራ ነበር እኮ!» ሲባልም አይደነግጥም። «እየጠራ ነው የዘጋው!»

የባሰው ደግሞ ባለ 3 ፐርሰንቱ ነው። ለቀረችው ባትሪ ማዘን አያውቅም። ለአንዱ ደውሎ «ባትሪዬ ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ ልንገርህ» ይላል፤ ቶሎ የሚነገረው ነገር ግን አይመጣም። ሌላው ጋ ይደውልና «ስልኬ ቢዘጋ እንዳትጨነቂ» ይላል። የፐርሰንቷ ቁጥር ራሷ በእርግጥ የግምት ነገር ናት፤ ስልኩ የቮልቴጁንና የገባ የወጣውን አይቶ ያሰላታል። ባትሪው ሲያረጅ ስሌቱ ይዛባና ከ15 ፐርሰንት ላይ ድንገት ድርግም ይላል። እንግዲህ ሰው ቀይ ሲያይ ምን ያህል እንደሚረበሽ የታክሲ መጥሪያው አፕ ኡበር አይቶታል። በ2016 የኩባንያው የኢኮኖሚ ጥናት ኃላፊ የነበረው ኪት ቼን፣ ባትሪያቸው ሊያልቅ የደረሰ ተሳፋሪዎች የጨመረ ዋጋ የመቀበል ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ዋጋ ለመተመን ግን አንጠቀምበትም ብሏል።

የማን ጥፋት እንደሆነ የሚያውቀው ስልኩ ራሱ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ባትሪ የሚለውን ለነካ ሰው፣ ማን ስንት እንደበላ በስም ዘርዝሮ ያወጣለታል። ብዙ ሰው ግን ወደዚያ ዝር አይልም። የአክስቴን ልጅ ሲያማርር ሰልችቶኝ በግድ አስከፈትኩት። ከላይ አንድ የቪዲዮ አፕ ወጣ፤ አምስት ሰዓት ከምናምን ደቂቃ፣ ያውም ስክሪን ላይ። ከሥሩ ሌላ የቪዲዮ አፕ። ከዚያ ደግሞ ጌም። የአክስቴ ልጅ ምንም አላለም። በጣቱ ወደ ታች ወረደ፣ አሁንም ወረደ። መጨረሻ ላይ ኮምፓስ ተገኘች። 1 በመቶ።

«ይኸው ሌባዋ!» አለ። «ኮምፓስ ምን ያደርግልኛል? መንገዴን አውቀዋለሁ!» አለና አጠፋት።