በሰው የማይላክ መድኃኒት

ውጭ አገር የሚኖር ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ አለች፤ «ያንን መድኃኒት በሰው ላክልኝ» የምትለዋ። የስኳር መለኪያ ልከናል፣ የዓይን ጠብታ ልከናል፣ የወገብ ቅባትማ ተዉት። በቅርቡ አክስቴ ከደብረ ብርሃን ደውላ የጠየቀችኝ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ልጇ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ እዚያ ነበር። እስካሁን በር ሲንኳኳ ይበረግጋል፤ ማታ መብራት አያስጠፋም። «አውስትራሊያ ለዚህ መድኃኒት ወጥቷል» ብለው ነግረዋታል።

ወሬው እውነት ነው። እዚህ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች ኤምዲኤምኤን (በጭፈራ ቤቶች «ኤክስታሲ» የሚባለውን ዕፅ) ከአሰቃቂ ነገር በኋላ ለሚመጣ ጭንቀት፣ ሲሎሳይቢን የሚባለውን የእንጉዳይ ቅመም ደግሞ በሌላ መድኃኒት አልድን ላለ ድባቴ ማዘዝ ይችላሉ። ሁለቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኪስ ውስጥ ቢገኙ የሚያስከስሱ ናቸው። አሜሪካኖቹ በ2024 ኤምዲኤምኤን «ገና ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል» ብለው መልሰውታል።

አክስቴ ስነግራት «ዕፀ ፋርስ ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም፣ ግን ፍርሃቷ ያለ ነገር አልመጣም። ለዚህም ነው ከፋርማሲ ገዝቶ ቤት ይዞ መግባት የሌለው። መጀመሪያ ታማሚው ደጋግሞ ከባለሙያ ጋር ያወራል። መድኃኒቱን በሚወስድበት ዕለት ዓይኑን ሸፍኖ፣ ሙዚቃ እየሰማ ለሰባት ለስምንት ሰዓት ጋደም ይላል። ሁለት ባለሙያዎች ከአጠገቡ አይነሱም። ከዚያ በኋላ ያየውንና የተሰማውን ይዞ እንደገና ወሬ ነው። ሂሳቡ በአስር ሺህዎች ዶላር ይቆጠራል፤ አብዛኛው የሚሄደው ለነዚያ ሰዎች ሰዓት ነው። ፈቃዱ ተከፈተ ይባል እንጂ እንደኔ ዓይነት የፈረቃ ሠራተኛ በሩን አያንኳኳውም።

አገር ቤት አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሄደ ያውቀዋል። እናት ልጇን ይዛ፣ ቆሎ ቋጥራ፣ ሳምንታት እዚያው ታድራለች። ማንም አይከፍላትም። ግን መድኃኒቱን ወስዶ የደም ግፊቱ ሽቅብ ቢወጣ ምን ታደርጋለች? ደግሞ እኛ «አእምሮውን ታሟል» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ስንቱን ነው! የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ሰው እነዚህ መድኃኒቶች ጭራሽ ሊያብሱበት ይችላሉ። ያንን የሚለይ ባለሙያ ነው የቸገረን።

ኬታሚንን እዩት። አገር ቤት ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን ያገለገለ ማደንዘዣ ነው። ፈረንጆቹ ለከባድ ድባቴ ያውሉታል፤ የእሱ ዘመድ የሆነ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ2019 ፈቃድ አግኝቷል። የወሰደው ሰው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ክሊኒኩ ውስጥ እየታየ ይቆያል። መድኃኒቱ እኛም ጋ አለ ማለት ነው። ሁለት ሰዓት አንድ ድባቴ የያዘው ሰው ላይ ብቻ ዓይኑን ጥሎ የሚቀመጥ ነርስ ከየት ይምጣ? ወረፋው በር ላይ ተሰልፎ!

ለአክስቴ መጀመሪያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንድትወስደው ነገርኳት። «ጠበሉስ?» አለች። ጠበሉም ይሁን፤ ብቻ ሐኪም ኪኒን ካዘዘለት ጠበል ገባሁ ብሎ እንዳያቋርጥ። ለመመላለሻውና ለኪኒኑ የሚሆን ብር ልኬላታለሁ፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ነው።