የማጥሪያ ሳጥኑን አታውጡ
ሞተር ሳይክልን ካፌ ሬሰር (መሪው ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው አጭር የድሮ የውድድር ቅርጽ) ለማድረግ «መጀመሪያ የአየር ማጥሪያ ሳጥኑን አውጥታችሁ ትንሿን ክብ ማጥሪያ ግጠሙ» የሚለው ምክር ለሰበታ አቧራ በፍጹም አይሆንም። ያረጀች ሆንዳ ሲጂ 125 ሞተሬን ካፌ ሬሰር ሳደርግ እኔም እንዲሁ አድርጌ፣ አንድ በጋ ሳይሞላ ዘይት መብላት ጀመረች፤ ስትፈታ ሲሊንደሩ ውስጥ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት ነበር። መቀመጫውን በርካሽ አሠርቼ የቆጠብኩት ገንዘብ በሙሉ ለፒስተንና ለፋሻ ሄደ። «ማጥሪያው ከተቀየረ ትልቅ ጄት (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ግዙ» ያልከው ወንድሜ፣ እሱ ለቆላ አገር ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ራሱ ይበዛል። መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) ፈትተህ እየው፤ ጥላሸት ከለበሰ እንዲያውም ትንሽ ጄት ነው የሚያስፈልግህ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ አትንካው። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቅርጹን ከመሪውና ከመቀመጫው ይፈልገው። እኔ የነበረውን መሪ ገልብጬ አሰርኩት፣ አንድ ሳንቲም አላወጣሁም፤ መቀመጫውን ዓለም ገና ያለ በያጅ ከላሜራ ሠራልኝ፣ ስፖንጁን ሶፋ ሠሪ ቆርጦ አለበሰው። ብቻ መሪውን ስትገለብጡ ግራና ቀኝ እስከ ጥግ አዙሩት፤ ጫፉ የቤንዚን ታንኩን መምታት የለበትም፣ የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ገመድም መታጠፍ የለበትም።