«ተባረረ» የሚለውን ቃል ማን ወሰደብን?

ባለፈው ወር ጓደኛዬ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን ደብዳቤ አሳየኝ። አንድ ገጽ ነው፤ ማኅተም አለው። «በመዋቅር ማስተካከያ ምክንያት የተሰናበቱ መሆኑን እየገለጽን፣ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እናመሰግናለን» ይላል። 11 ዓመት የሠራበት ቤት ነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ተባረርኩ ማለት ነው አይደል?» አለኝ።

ወዲያው ጆርጅ ካርሊን ትዝ አለኝ። ካርሊን በ2008 (እ.ኤ.አ.) ያረፈ የኒውዮርክ ስታንድአፕ ኮሜዲያን ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን አይነገሩም ባላቸው ሰባት ቃላት ነው፤ በ1972 በአሜሪካዋ ሚልዋውኪ ከተማ አሳስረውታል። እኔ ግን አብልጬ የምወድለት በ1990 ስለ ለስላሳ ቃላት መድረክ ላይ የተናገረውን ነው።

ከወታደር ይጀምራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሮው የተናወጠ ወታደር ሕመሙ «ሼል ሾክ» (የመድፍ ድንጋጤ እንደ ማለት) ይባል ነበር። ስሙ ራሱ እንደ መድፍ ይጮኻል። በሁለተኛው «የውጊያ ድካም» ሆነ። ከቬትናም በኋላ ደግሞ «ፖስት ትራውማቲክ ስትረስ ዲስኦርደር» የሚል ረጅም የሐኪም ስም ወጣለት። ካርሊን የድሮው ስም ቢቆይ ኖሮ የቬትናም ተመላሾች የሚገባቸውን እንክብካቤ ሳያገኙ አይቀሩም ነበር ባይ ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። በ1980 የጸደቀው የሕክምና ስም ለብዙዎች የሕክምና በር ከፍቷል።

ስለ ሥራ የተናገረው ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አብሬው ነኝ። ዛሬ ማንም አይባረርም ይላል፤ አስተዳደሩ በሰው ኃይል ዘርፍ ያለውን ድግግሞሽ መቀነስ ፈልጎ ነው። በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ልጆቹን የሚያሳድር አባት የለም። የቤት ኪራይ የለም።

የእኛው «ስንብት» ደግሞ ይብሳል። ስንብት ወግ አለው። ትነሳለህ፣ ትሳሳማለህ፣ «ደህና ዋሉ» ትላለህ። ጓደኛዬ ማንንም አልተሰናበተም። መታወቂያውን ጥበቃው በር ላይ ተቀበለው፤ የሻይ ኩባያው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማቋረጫ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንዲሆንና ምክንያቱን እንዲገልጽ ያዛል። «መዋቅር ማስተካከያ» ብቻውን ምን ይገልጻል? የትኛው የሥራ መደብ ታጠፈ? ለምን የእሱ ሆነ? ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብቱ ነው።

ትናንት ማታ ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። መጀመሪያ «የተሰናበትኩበት ምክንያት» ብሎ ነበር። ሰረዘውና «የተባረርኩበት» ብሎ ጻፈ።