ይድረስ ለአቶ ጉድፍ፣ ሰማዬ ላይ ግራ ጥግ

ቀን፦ ካሜራው ከተገዛ በ5ኛው ወር
ጉዳዩ፦ ቤቱን እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። ደህና እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ዛሬ ጠዋት አይቼዎታለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፣ ደመና ለመድኃኒት ቢፈለግ የለም። ውርጩ ገና ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ፣ ጣቶቼ አልታዘዝ እያሉኝ አንድ ፎቶ አነሳሁ። እርስዎ እዚያው ነዎት። ከላይ፣ በግራ በኩል፣ ጉብ ብለው። ክብ፣ ግራጫ፣ ብርድ የማይነካዎ።

ለእርስዎ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። የሸጠልኝ ሰውዬ ስልክ ማንሳት ስለተወ ነው። እርስዎ ግን ምስጋና ይግባዎትና በፈለግሁዎት ሰዓት ሁሉ አሉ።

እንዴት እንደተገናኘን ላስታውስዎ። እኔ ሰርግና ምርቃት እያነሳሁ የምኖር ሰው ነኝ። ዕቁብ ደረሰኝ። ብሩን በሁለት ኪስ ከፍዬ፣ በሌሊት ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። እሽግ ካሜራ ገዛሁ። እሽጉን የቀደድኩት እኔው ነኝ። ሌንሱ አንድ ነው፣ ከካርቶኑ አብሮ የወጣው። እሱን ገጠምኩ፣ ከዚያ ወዲህ ነቅዬው አላውቅም። ምን ብዬ እነቅለዋለሁ፣ የምቀይርበት ሌላ የለኝ። ታዲያ እርስዎ በየት በር ገቡ?

መጀመሪያ ያየሁዎት በገዛሁ በ8ኛው ቀን፣ ሰርግ ላይ ነው። አዳራሽ ውስጥ አልነበሩም። ሙሽሮቹን ይዘን ወደ መስክ ወጣን። ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ሃያ ሰው ጎን ለጎን አሰለፍኩና፣ ሁሉም ጥርት ብሎ እንዲወጣልኝ ብዬ የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ኤፍ 16 እስከሚባለው ጠባብ ልክ ድረስ አጠበብኩት። ከግራ ጫፍ የቆሙት የሙሽራዋ አጎት ረጅም ናቸው። 11 ፎቶ አነሳሁ፤ በአስራ አንዱም እርስዎ ግንባራቸው ላይ ነዎት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ሳየው፣ ሰውየውን ያነሳኋቸው ሳይሆን የተኮስኩባቸው ነው የመሰለኝ። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ሲያዩ «ልጄ፣ ወንድሜን ምን አድርገህብኝ ነው?» አሉኝ። አጎትየው ደግሞ መስታወት ፊት ቆመው ግንባራቸውን ሲያሹ ዋሉ አሉ።

አንኮበር ላይ የባሰ አዋረዱኝ። ወፍ ለማየት ባሕር ተሻግሮ የመጣ አንድ እንግዳ ነበር። ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ቁልቁል ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን አገር አነሳሁለት። ፎቶውን አጎላና «ይቺ ምንድን ናት?» አለኝ። አንኮበር ሰሪን የምትባል ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፣ ሳይንስ በ1979 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የመዘገባት፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማትገኝ። እኔም ምን አባቴ ላድርግ፣ «እሷ ናት» አልኩት። ሰውየው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ቀጣዩን ፎቶ አየ፣ እዚያው ናት። ቀጣዩንም፣ እዚያው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አየር ላይ ሳትነቃነቅ የቆመች ወፍ። «ታማ ይሆን እንዴ?» አለ።

እንግዲህ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሰማይ ላይ ብርሃን ወረደ ቢባሉ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ከተማችንም ስሟን ከዚያ አገኘች። እኔ በዚያው ሰማይ ላይ እርስዎን አየሁ። ያተረፍኩት የሚኒባስ ደንበኝነት ነው።

ጠባይዎን አጥንቻለሁ። ፎቶው ላይ ከላይ የሚታዩት በእውነቱ ካሜራው ውስጥ ከታች ስለተቀመጡ ነው፤ ሌንስ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚጥለው። አድራሻዎ ራሱ ውሸት ነው ማለት ነው። የተቀመጡትም ምስሉን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ ሳይሆን ከፊቱ ባለው ስስ መስታወት ላይ ነው። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን ብርሃኑ ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ ጥላዎ ይበተናል፣ ማንም አያይዎትም። ቀዳዳው ሲጠብ ግን ብርሃኑ በቀጭኑ ይመጣና ጥላዎ ቁጭ ይላል። ጅብ እንኳ ሰዓቱን እንደዚህ አያውቅም።

ይሄን ጠባይዎን ከእኔ በፊት የሚያውቀው ሱቁ ነው። በ9ኛው ቀን ሄድኩ። ልጁ ካሜራውን ተቀበለኝ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ ከፈተና የሱቁን ግድግዳ አነሳ። «የታል ብሮ? ንጹሕ ነው።» በር ላይ እንውጣና ሰማዩን በኤፍ 16 አንሳው አልኩት። «ዕቃ ከሱቅ አይወጣም።» የራሴ ካሜራ እኮ ነው! ዕቁቤ ነው! ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ሌንሱን ነቀለ፣ አፉን አሞጠሞጠ፣ እፍፍፍ አለበት። በአፉ! ማታ ቤቴ ገብቼ ሳየው እርስዎ እንዳሉ አሉ፣ አጠገብዎ ሁለት የምራቅ ጠብታዎች ተጨምረዋል። እርስዎን ላስወጣ ሄጄ ጎረቤት አምጥቼልዎ ተመለስኩ።

ልጁ ሲሸኘኝ አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር፦ «ሁለት ሳምንት ተጠቀምበት፣ ራሱ ይለቃል።» አመንኩት። አሁን ሳስበው ምክሩ የመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከነጋሪት ጋዜጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንደሚለው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ «ቀይሩልኝ ወይም ብሬን መልሱልኝ» ማለት ይችላል። 9 ላይ 14 ሲደመር ስንት ነው? በ23ኛው ቀን ብቅ ስል ባለቤቱ ራሱ ተቀመጠ። «ወንድሜ፣ 15 ቀን አልፎሃል። ሕግ ነው።» በዚያች ቅጽበት ከሰውየው የበለጠ ሕግ አክባሪ በመላው አዲስ አበባ አልነበረም። ከጀርባው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለኝ አልኩት። «ጋራንቲ ለተበላሸ ነው። ይሄ አልተበላሸም፣ ቆሽሿል።» እሺ አጽዱልኝ። «ጽዳት ጋራንቲ ውስጥ የለም።» ከየት መጣ ታዲያ ቆሻሻው? «የት ነው የምትኖረው? ደብረ ብርሃን? በቃ፣ ብርዱ ነው።» ትንሽ ቆይቶ አቧራው ሆነ። ትንሽ ቆይቶ «ሌንስ ስትቀይር ነው» አለ። ያለኝ አንድ ሌንስ ነው ስለው «አየህ፣ ችግሩ እሱ ነው፣ አንድ ሌንስ አይበቃም» ብሎ ሁለተኛ ሊሸጥልኝ መደርደሪያው ላይ ወጣ።

ከዚያ በራሴ ብር ባለሙያ ጋ አሳጸዳሁዎት። በፈሳሽ፣ በወጉ። አይካድም፣ ያን ሰሞን ሰው ሆኜ ነበር። ጓሳ ድረስ ሄጄ ጭላዳዎቹን አነሳሁ፤ ሰማዩ ንጹሕ፣ ሣሩ ወርቅ። 300 ፎቶ አካባቢ ላይ ስደርስ ግራ ጥጉ ላይ አንድ ነገር ጭል አለ። አንተ! አንተ ዓይን አውጣ፣ አሁንም መጣህ? ብዬ ጮህኩ። ጭላዳዎቹ ደንግጠው ገደሉን ወረዱ። (ስለ «አንተ»ው ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። በንዴት ነው።)

የገባኝም ያኔ ነው። ያው ቦታ፣ ያው መጠን፣ ሌንሱ ሳይነቀል። እርስዎ ከውጪ አልመጡም፣ ከእኔ ብርድም ከእኔ አቧራም አይደሉም። ከውስጥ ነው የሚረጩት። ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ሴንሰሩ ፊት የሚከፈተውና የሚዘጋው መዝጊያ ጠብታ ዘይት ይሰድልኛል። ሜኑው ውስጥ ሴንሰሩን አንቀጥቅጦ አቧራ የሚያራግፍ ነገር አለ፤ ዘይት ላይ ግን ሙጭጭ ነው። ሲያንቀጠቅጠኝ የሚያድረው እኔን ብቻ ነው።

ለነገሩ ዘርዎ ታሪክ ያለው ነው። በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው ኒኮን ዲ600 ይኸው ነበር ጣጣው፣ ግራ ጥግ ላይ ነጠብጣብ። ባለቤቶቹ አላስቀምጥ ሲሉ፣ በ2014 ኩባንያው ጋራንቲው ያለፈበትን ሁሉ ሳይቀር በነፃ አጸዳለሁ፣ መዝጊያውንም እቀይራለሁ አለ። ቻይና ውስጥ ጉዳዩ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ሽያጩ እስከ መታገድ ደረሰ። የእኔው ካሜራ ሌላ ነው፣ ስሙንም አልጠራም። ግን ያን ሳነብ ቀናሁ። ሰው በሰው ጉድፍ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ለአራተኛ ጊዜ ሄድኩ። ፎቶዎቹን በቀን በቀናቸው አሳትሜ፣ በፋይል አድርጌ፣ ጠበቃ መስዬ። ባለቤቱ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። አጎትየውንም አየ። በትሕትና ቀና ብሎ «ደረሰኝህስ?» አለኝ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅርና፣ ስገዛ ልጁ ጠይቆኝ ነበር። «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ልዩነቱ ያው 15 በመቶ ነው። እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ያለ ደረሰኝ» አልኩ። እንዲያውም በዚያች ትርፍ ኩራት ኩራት ብሎኝ ምሳ ክትፎ በላሁ። ስለዚህ በሕግ ፊት እኔ ካሜራ አልገዛሁም፣ እሱም አልሸጠም። በሰነድ ደረጃ እርስዎም የሉም።

በመሆኑም ጥያቄዬን ዝቅ አድርጌያለሁ። ብሩ ይቅር። ለአንድ ሰርግ 600 ፎቶ ላይ ተቀምጬ እርስዎን አንድ በአንድ ስሰርዝ ነው የማነጋው፤ ቢያንስ ለጥምቀት ትንሽ ወደ ላይ ከፍ ይበሉልኝ። ጃንጥላ አለ፣ ታቦት አለ፣ ቄሶቹን አላውቅም ብለው ግንባራቸው ላይ እንዳይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር
ካሜራማኑ

ግልባጭ፦
ለሱቁ ባለቤት፣ ስልኩን ካነሳ
ለሙሽራዋ አጎት፣ ከይቅርታ ጋር
ትናንት ማታ በቀኝ ጥግ ለገቡት አዲስ ተከራይ፣ እንዲያውቁት