ድሮንጎ ማን ነው?

በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ አረንጓዴ መብራት በርቶለት ያልተንቀሳቀሰ ሹፌር፣ ቁልፉን መኪናው ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ባልና የቆመበትን ጣውላ በመጋዝ የሚቆርጥ ሠራተኛ በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ድሮንጎ። ቃሉ ሞኝ፣ ዝንጉ፣ ነገር የማይሳካለት ሰው ማለት ነው። ዛሬ ዛሬ በብዛት የሚሰማው ዕድሜያቸው ጠና ካለ ወንዶች አፍ ሲሆን፣ ክብደቱም እንደ ተናጋሪው ፊት ይለያያል፤ ወዳጅ ለወዳጁ ትከሻውን መታ እያደረገ ሲለው ፍቅር ነው፣ የማይተዋወቁት ሹፌር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲለው ግን አስተርጓሚ አያሻም።

ድሮንጎ መነሻው ከማዳጋስካር ቋንቋ የተወሰደ የጥቁር ወፍ ስም ነው። በአውስትራሊያ የስድብን ማዕረግ ያገኘው ግን፣ እንደሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ይህ ስም በወጣለት የውድድር ፈረስ ምክንያት ነው። ከደህና ዘር የተወለደው ፈረስ 37 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ በ1925 ከሜዳ ተሰናበተ። ይህን የሰማ ሁሉ አንካሳ ፈረስ ይመስለዋል፤ ፈረሱ ግን በስመ ጥሩው የቪክቶሪያ ደርቢ ሁለተኛ የወጣ ነበር። ቀድሞት የገባውን ማን ያስታውሰዋል?

እኔን የሚገርመኝ የፍርዱ አቅጣጫ ነው። ፈረሱ ከመሮጥ በቀር ያጠፋው ነገር የለም፤ ገንዘብም አላስያዘም። «ባለፈው ለጥቂት ነው ያመለጠው፣ ዛሬ እንኳ አይቀርም» እያለ ደመወዙን ይዞ ወደ ሜዳው የተመላለሰው ተወራራጅ ባዶ ኪሱን ዳብሶ ሲያበቃ፣ የሞኝነቱን ስም ለፈረሱ አሸክሞት ወደ ቤቱ ገባ። ፈረሱ በ1925 ተገላገለ፤ ተወራራጁ ግን ዛሬም አልተገላገለም፤ እንዲያውም በየዓመቱ የኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ ለሜልቦርን ካፕ የፈረስ ውድድር ሲባል በከተማው ሥራ ይዘጋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደግሞ ስሙ ለአየር ኃይል አዲስ ምልምሎች ተላለፈ፤ ምስኪኖቹ ገና አንድም ጊዜ ሳይወዳደሩ መሆኑ ነው።

ወፏማ ጭራሽ ተበድላለች። በእኛም አገር የሚገኘው፣ ጭራው ለሁለት የተሰነጠቀው አፍሪካዊ ዘመዷ በካላሃሪ በረሃ የሌሎችን እንስሳት የማስጠንቀቂያ ጩኸት አስመስሎ «አዳኝ መጣ!» ይላል፤ እነርሱ ምግባቸውን ጥለው ሲፈረጥጡ ወርዶ ይበላል። ይህን ያህል የሚያሞኝ ዘር ስም ለሚሞኝ ሰው ተሰጠ። እርግጥ ነው፣ ዕድሜ ልኳን ጭነት የምትሸከምልንን አህያ ስም ለደደብ የምንሰጥ እኛ በዚህ ጉዳይ ለዳኝነት አንበቃም።

ፈረሱ ከተሸነፈበት ከፍሌሚንግተን ሜዳ ማሪቢርኖንግ ወንዝን ሲሻገሩ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች የበዙበት ፉትስክሬይ ይገኛል። አዲስ መጤ ወገን ቃሉን ብዙ ጊዜ የሚሰማው በሥራ ቦታ ነው፤ አለቃው ፈገግ ብሎ ስለተናገረው ምስጋና መስሎት «እግዜር ይስጥልኝ» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ የሚከፋው ትርጉሙን አውቆ ሲያኮርፍ ነው። በአገሩ ወግ የሚኮረፈው ሲሰደቡ ሳይሆን፣ የሥራ ጓደኞች ሁሉ ድሮንጎ እየተባባሉ ሲሳሳቁ አንዱ ብቻ «ጌታዬ» ተብሎ ሲጠራ ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ መፈለግ ሳይሻል አይቀርም።