ጦር ሳትሰብቁ ፊንሐስን ላኩ

ወገኖቼ፣ የኢያሪኮ ግንብ እንዴት እንደወደቀ የማያውቅ የለም። በዚያው መጽሐፍ፣ በኢያሱ ምዕራፍ 22፣ ሳይጀመር የቀረ ጦርነት ተጽፏል፤ እሱን ግን እናልፈዋለን። ልብ ብለን አንብበነው ቢሆን በየስልካችን የሚመጣውን ሁሉ እንዲህ ባልተቀባበልነው ነበር።

የሮቤልና የጋድ ነገድ፣ የምናሴም እኩሌታ፣ ርስታቸው ከዮርዳኖስ በስተምሥራቅ ነው። እንዲያም ሆኖ 40,000 ያህል ተዋጊ ሰጥተው፣ ወንዙን ተሻግረው ከወንድሞቻቸው ጎን ተሰለፉ። ምድሪቱ ስታርፍ ኢያሱ መርቆ አሰናበታቸው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ዮርዳኖስ ዳር ትልቅ መሠዊያ ሠሩ። ይህን የሰማው የቀረው እስራኤል «ሌላ መሠዊያ ሠርተው በእግዚአብሔር ላይ ዐመፁ» ብሎ ሊወጋቸው ሴሎ ላይ ተሰበሰበ።

ልብ በሉ፤ ወሬው ውሸት አልነበረም። መሠዊያው በእርግጥ ተሠርቷል። ያልታወቀው ለምን እንደተሠራ ነው። ዛሬም የሚያባላን ነገር ሁሉ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ቪዲዮው እውነት ነው፤ ቀኑ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ቦታው ሌላ ወረዳ፣ ከላይ የተጻፈበትም የለጣፊው ግምት ይሆናል።

ታዲያ ማንን ላኩ? በዘኍልቍ 25 ጦሩን ይዞ ድንኳን ገብቶ ሁለት ሰዎችን የወጋውን ካህኑን ፊንሐስን። ለዘብተኛ ነው ተብሎ የሚታማ ሰው አይደለም። አብረውት 10 አለቆች ሄዱ፣ ከየነገዱ አንዳንድ፤ የምዕራቡ ምናሴ አለቃም፣ የተከሳሾቹ የሥጋ ዘመድ፣ አብሯቸው ነበረ። አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ቢመጣ «አባብለውት ነው» ይባል ነበር።

የተከሳሾቹ አገር ገለዓድ ሲደርሱ ክሳቸውን አልሸፋፈኑም። ሕዝቡ በፌጎር ጣዖት ያመለከበትን ኃጢአትና ከኢያሪኮ እርም የሆነውን የሰረቀውን የአካንን በደል አንሥተው ፊት ለፊት ተናገሩ፤ «ምድራችሁ ረክሳ እንደሆነ ተሻገሩና ከኛ ጋር ርስት ውሰዱ» እስከማለት ደረሱ። ከዚያ አደመጡ። መልሱም፦ መሠዊያው መሥዋዕት ሊቀርብበት አይደለም፤ ነገ ልጆቻችሁ ልጆቻችንን «ዮርዳኖስ ለይቶናል፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ዕድል የላችሁም» እንዳይሏቸው ምስክር እንዲሆን ነው። ፊንሐስና አለቆቹ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ከሁሉ የሚከብደው ይኸኛው ይመስለናል፤ ተቆጥቶ የሄደ ሰው ቁጣው መሠረት እንደሌለው ሲያውቅ እልህ ይይዘዋል እንጂ ደስታ አይቀናውም።

እናንተስ? ስሕተት መሆኑ ሲነገራችሁ የለጠፋችሁትን በዝምታ ታጠፋላችሁ፤ ያነበበው ሰው ግን ቂሙን እንደያዘ ተቀምጧል። ፊንሐስ ወደ ከነዓን ተመልሶ የሰማውን ለላከው ሕዝብ አደረሰ። የጦርነቱ ወሬ የቆመው ያን ጊዜ ነው።

ካልተጣራስ? በሁለተኛ ሳሙኤል 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ አቤሴሎም ወንድሙን አምኖንን አስገደለ። የሞተው አምኖን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የቀሩት የንጉሡ ልጆች ገና መንገድ ላይ እያሉ «አቤሴሎም የንጉሡን ልጆች ሁሉ ገደለ፣ አንድም አልቀረም» የሚል ወሬ ቀድሞ ዳዊት ጋ ደረሰ። ንጉሡ ልብሱን ቀዶ መሬት ላይ ተኛ። ስለዚህ የሟች ቁጥር ሲነገራችሁ ማን እንደቆጠረ ጠይቁ።

የላከላችሁን ሰው «በዓይንህ አይተሃል ወይስ ተልኮልህ ነው?» በሉት። ተልኮለት ከሆነ ወደላከለት ሂዱ፤ ያየ ሰው ላይ ካልደረሳችሁ ወሬው እናንተ ጋ ይቁም። ቦታው ላይ የምታውቁት ሰው ካለ ደውሉ፤ ከተከሰሰው ወገን ቢሆን ይመረጣል፣ የእናንተ ወገን የሚለውንማ አስቀድማችሁ ሰምታችኋል። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እርማቱን በዚያው በለጠፋችሁበት ግሩፕ፣ በስማችሁ ጻፉት፤ የመጀመሪያውን ለአምስት ግሩፕ ልካችሁ ከሆነ ለአምስቱም።